ከሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ቴርሞኤሌክትሪክ ጀነሬተር

ቴርሞኤሌክትሪክ ጀነሬተር ሞተርም ተርባይንም ሳይኖረው ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። መነሻው ቶማስ ዮሐን ሴቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 የደረሰበት ግኝት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሁለቱም ጫፍ ተያይዘው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ፣ አጠገባቸው ያለ የኮምፓስ መርፌ ይዞራል። ሴቤክ ነገሩን ማግኔት ነው ብሎ ነበር የተረዳው፤ መርፌውን ያዞረው ግን በብረቶቹ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ነው።

ብረት ለሙቀት መለኪያ እንጂ ለኃይል ብዙም አይጠቅምም። የመዳብና የኮንስታንታን (የመዳብና የኒኬል ቅይጥ) ጥንድ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚሰጠው 40 ማይክሮቮልት ገደማ ነው፤ ሙቀቱም በብረቱ ቶሎ ስለሚያልፍ ልዩነቱን ማቆየት ያስቸግራል። ቢስሙት ቴሉራይድ የተባለው ሰሚኮንዳክተር ግን በአንድ እግር (ከጥንዱ በአንዱ ቁራጭ) ብቻ 200 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል፣ ሙቀትም በቀላሉ አያሳልፍም። ኤን በሚባለው እግር ኤሌክትሮኖች፣ ፒ በሚባለው ደግሞ አዎንታዊ ክፍተቶች (ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ቦታዎች) ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ እግሮች በሞቃቱ በኩል በመዳብ ከተያያዙ፣ በቀዝቃዛው በኩል አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነው ሞጁል በሁለት የሴራሚክ ሳህኖች መካከል 127 ጥንድ ይይዛል። ሁሉም በተከታታይ ስለተያያዙ በየዲግሪው 0.05 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። በሁለቱ ፊቶች መካከል የ100 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ምንም ሳይያያዝበት 5 ቮልት ይለካል። ከፍተኛው ኃይል የሚገኘው የጭነቱ (ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመው ዕቃ) ሬዚስታንስ ከሞጁሉ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ጋር ሲተካከል ነው፤ ያን ጊዜ ቮልቴጁ በግማሽ ይወርዳል። ውስጣዊው 2.5 ኦም ቢሆን የሚገኘው 2.5 ዋት ነው። ለዚህች 2.5 ዋት ግን ከ50 ዋት በላይ ሙቀት በሞጁሉ ውስጥ ማለፍ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። እሳት ማግኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ያን 50 ዋት ከቀዝቃዛው ፊት ማንሳት ነው። በየዋቱ 2 ዲግሪ የሚሞቅ ትንሽ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከተገጠመ፣ ቀዝቃዛው ፊት ከአየሩ 100 ዲግሪ በላይ ልሙቅ ይላል፣ ልዩነቱም ይጠፋል። ቮልቴጁ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ ከወረደ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሞጁሉ ሳይሆን የማቀዝቀዣው ነው። ፋን የተገጠመለት ትልቅ ራዲያተር ወይም ውሃ ያለበት ድስት ይሻላል። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከመፍያው አያልፍም፤ ይህም አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሲገጠም ሁለቱም ፊት ላይ ስስ የቴርማል ፔስት ይቀባል። ወፍራም ፔስት ራሱ ሙቀት ይከለክላል። ብሎኖቹ እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ብሎኑ በሞቃቱና በቀዝቃዛው መካከል የሙቀት መሸሻ ስለሚሆን ቀጭን መሆንና ሙቀት በማያሳልፍ ወሸር መለየት አለበት። ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት እንዲያቀዘቅዝ የተሠራውን ርካሽ ሞጁል እሳት ላይ ማድረግ ነው፦ የብዙዎቹ ብየዳ የቢስሙትና የቲን ቅይጥ ስለሆነ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እግሮቹም ይላቀቃሉ። ለጀነሬተርነት የተሠራው ሙቀት በሚችል ብየዳ ተያይዞ እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ከዚያ በላይ ሊድ ቴሉራይድ፣ ወደ 1000 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ሲልከን ጀርማኒየም ያስፈልጋል።

የሞጁሉ ቮልቴጅ ከእሳቱ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ስልክ ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ መካከል ላይ ወደ ቋሚ 5 ቮልት የሚያሳድግ ኮንቨርተር ይገባል።

ከሚያልፈው ሙቀት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ኤሌክትሪክ ስለሚሆን፣ ፀሐይ ባለበት ቦታ የሶላር ፓነል ያሸንፈዋል። ተመራጭ የሚሆነው ጥገና የሚሠራ ሰው በማይደርስበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሶቪየት ኅብረት መብራት ላልደረሰባቸው መንደሮች በላምባ ፋኖስ ሙቀት ሬዲዮ የሚያስከፍት ጀነሬተር አምርታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላኩት ሁለቱ ቮየጀር መንኮራኩሮች ደግሞ በፕሉቶኒየም 238 ሙቀትና በሲልከን ጀርማኒየም ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ470 ዋት ገደማ ነበር የተነሡት። ኃይላቸው በየዓመቱ ወደ 4 ዋት ይቀንሳል፤ ምክንያቱ የፕሉቶኒየሙ መድከም ብቻ ሳይሆን ጥንዶቹም በሙቀቱ ብዛት ቀስ በቀስ መበላሸታቸው ነው።