«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»፦ የአባባሉ ፍቺ፣ ከአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማዎች ውድቀት ጋር ሲታይ

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። አንዳንዱ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» ብሎ በማነጻጸሪያ መልክ ይጠቀምበታል። በአብዛኛው የሚነገረው ዕዳው ጥቂት በጥቂት ለተቆለለበት፣ መጠጡ በአንድ ብርሌ ጀምሮ ለጸናበት፣ ወይም በጣፋጭ አንደበት ለተታለለ ሰው ነው። ይህ የመጨረሻው አጠቃቀም ስሕተት ባይሆንም የአባባሉን ዋና ፍሬ ነገር የሚሸፍን ይመስለኛል፤ አታላይ ሰው ተንኮል ያስባል፣ ውኃ ግን በማንም ላይ ክፉ አያስብም። ሥዕሉ የሚያሳየን የውኃውን ክፋት ሳይሆን የተሻጋሪውን ሳቅ ነው።

የአባባሉ መነሻ ድልድይ በሌለበት ወንዝን በእግር የመሻገር ልማድ ነው። በክረምት ማብቂያ፣ ወንዙ ጎደል ያለ ሲመስል፣ መንገደኛው ልብሱን ሰብስቦ በትሩን ይዞ ይገባል። ውኃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ባቱን ይነካዋል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይኮረኩራል፣ ከረጅም መንገድ በኋላም ደስ ያሰኛል። ከጉልበት በላይ ሲደርስ ሰውነት መቅለል ይጀምራል፤ ወገብ ላይ ሲደርስ ደግሞ እግር መሬቱን መርገጡን እንጂ መሬቱን መያዝ እያቃተው መሆኑን አያውቅም። ግሡም ይህንኑ ይናገራል። «አሳቀ» ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ የሆነ ሳቅ በሆነ ነበር፤ «አሳሳቀ» ግን እንደ «ቆራረጠ» እና «ነካካ» ፊደሉን ደግሞ ድርጊቱ ጥቂት በጥቂት፣ እየተደጋገመ መፈጸሙን ያመለክታል። ስለዚህ ሙሉው ፍሬ ነገር ያለው በዚያ በተደገመው «ሳ» ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደራሽ ውኃ ከዚህ የተለየ ነው። ደራሽ ከላይ አገር ዘንቦ ድንገት ሲመጣ ድምፁ ይቀድመዋል፣ ሰውም ከብቱን እየነዳ ይሸሻል። የሚያሳስቀው ውኃ ግን ማንንም አያስሸሽም። ሰዎች ስለ አንድ ውድቀት ሲያወሩ እነዚህን ሁለት ውኃዎች የማደባለቅ ልማድ አላቸው፤ ለዚህም የአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማዎች ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምሳሌውን ከሩቅ አገር የማመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገደኛው የወንዙን ጥልቀት በበትሩ ብቻ ነበር የሚለካው፤ በአሜሪካ ግን ኒልሰን የተባለው ድርጅት የተመልካቹን መጠን በየጊዜው በቁጥር ያስቀምጥ ነበር። እየለኩም መሳቅ ይቻላል ማለት ነው።

«ሶፕ ኦፔራ» የሚለው መጠሪያ በቀጥታ ሲተረጎም «የሳሙና ኦፔራ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እነዚህ ድራማዎች በራዲዮ ቀን ቀን ሲተላለፉ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና አምራቾች ነበሩ፤ አድማጯ ቤት የምትውል፣ ሳሙናውንም የምትገዛው እመቤት ናትና። ኢርና ፊሊፕስ የተባለችው ደራሲ ከፈጠረቻቸው አንዱ የሆነው «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በራዲዮ ተጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። የእርሷው ሌላ ሥራ «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በ1956 ተጀምሮ ለሃያ ዓመታት ገደማ ከሁሉም ቀዳሚ ሆኖ ቆየ፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መመታት በሲቢኤስ ጣቢያ የተነገረውም ይህን ድራማ አቋርጦ ነበር። እነዚህ ድራማዎች እንደ ቱርክ ድራማ የሚያልቁ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ወደ 250 ክፍል እየተሠሩ፣ እናት የጀመረችውን ልጅ የምትቀጥልባቸው ታሪኮች ነበሩ።

የሳቁ ጫፍ በኅዳር 1981 መጣ። በ«ጄኔራል ሆስፒታል» ድራማ የሉክና የሎራ ሠርግ ሲተላለፍ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመልክቶታል፤ በዚያው የሥርጭት ዘመንም ድራማው በአማካይ 11.2 የተመልካች ምጣኔ አገኘ፣ ይኸውም ቴሌቪዥን ካላቸው 100 ቤቶች ከ11 በላይ የሚሆኑት ይከታተሉት ነበር ማለት ነው። ውኃው ግን በዚያን ጊዜ ባት ላይ ደርሷል።

ስለ ውድቀቱ በብዛት የሚነገረው ታሪክ የቀድሞ ሚስቱን በመግደል የተከሰሰው የታዋቂው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የኦ. ጄ. ሲምፕሰን ችሎት ነው። በ1995 ጣቢያዎቹ ችሎቱን በቀጥታ ለማስተላለፍ ድራማዎቹን ለወራት ሲያቋርጡ ተመልካቹ ልማዱን እንደተወ፣ ከፍርዱም በኋላ ብዙው እንዳልተመለሰ ይተረካል። ጉዳት ማድረሱን አልክድም። ሆኖም ይህ የደራሽ ውኃ አተራረክ ነው፤ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ድምፅ፣ የታወቀ ጥፋተኛ አለው፣ ስለዚህም ለጣቢያዎቹ ይመቻል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከችሎቱ አስቀድሞ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በተመልካች ብዛት አንደኛ የነበረው ድራማ ምጣኔ እንኳ ከ9 በታች ወርዶ ነበር። የአንደኛው ነው የምለው፤ የሌሎቹ ከዚያም ያነሰ ነው።

ምን ሆነ? ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ከቴሌቪዥን ውጭ ያለ ነው። በ1950 ከ100 አሜሪካውያን ሴቶች 34 ያህሉ ነበሩ በሥራ ገበያ ውስጥ፤ በ1999 ቁጥሩ 60 ደረሰ። የቀን ድራማ የቆመው ቀን ቤት በምትውል ሴት ላይ ከሆነ፣ እርሷ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ከቤት ስትወጣ መሠረቱ አብሮ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ ዛሬ የሌለችው ተመልካች ሳትሆን፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ድራማውን ሳትለምድ ያደገችው ልጅ ናት፤ የእርሷ መቅረት የሚታወቀው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የኬብል ቴሌቪዥን ምርጫውን አበዛው፤ ለመሥራት ርካሽ የሆኑት የውይይትና የችሎት ዝግጅቶችም ያንኑ የቀን ሰዓት ተሻሙት።

እያንዳንዱ እርምጃ ግን የራሱ ማሳሳቂያ ነበረው። እኛ ዴክ የምንለው የቪዲዮ መቅረጫ ሲስፋፋ «ሠራተኛዋ ቀርጻ ማታ ታያለች» ማለት ይቻል ነበር፤ ማታ ስታይ ማስታወቂያውን በፈጣን ማሳለፊያ ልትዘለው እንደምትችል ግን አስተዋዋቂው ያውቃል። አንድ ድራማ ሲዘጋ የተረፉት ተመልካቹን እንደሚወርሱ ይታሰባል፤ የተዘጋባት ተመልካች ግን እንደ ዕቃ ወደ ጎረቤት ድራማ አትዛወርም።

ከሁሉ የሚያሳስቀው ደረጃ ነው። «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» ከ1988 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። አንደኛ መሆን ደስ ይላል፤ ዜናውም በየዓመቱ እውነት ነበር። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ይኸው አንደኛ ድራማ የሚያገኘው ተመልካች ከ4 ሚሊዮን በታች ነው። አብረው ከሚሰጥሙት መካከል ራሱ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ወንዙ ጥልቅ መሆኑን ማመን ይከብደዋል፤ ዐይኑ ያለው ጓደኞቹ ላይ እንጂ ውኃው ላይ አይደለምና።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። «ጋይዲንግ ላይት» ወጪ ለመቀነስ በ2008 ከትልልቅ የስቱዲዮ ካሜራዎች ወደ ትንንሽ በእጅ የሚያዙ ካሜራዎች ዞረ፤ በመስከረም 2009፣ ከራዲዮ ዘመኑ ጀምሮ ሲቆጠር በ72 ዓመቱ፣ ተዘጋ፤ ቦታውን የያዘው የሽልማት ጨዋታ ነው። በመስከረም 2010 «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ»፣ በመስከረም 2011 «ኦል ማይ ችልድረን»፣ በጥር 2012 «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» ተከተሉ። በዋናዎቹ ጣቢያዎች ላይ አራት ብቻ ቀሩ፤ ከአራቱም አንዱ «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» በ2022 ከኤንቢሲ ወጥቶ ፒኮክ ወደተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ተዛወረ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እነዚህ ዓመታት በአባባሉ ውስጥ «ሲወስድ» በሚለው ሳይሆን «ወሰደ» በሚለው የሚገለጹ ናቸው።

አባባሉ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ውኃ የወሰደው ሰው ቢቀርም መሻገሪያው በቦታው ይኖራል። «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በተዘጋ ጊዜ ሰዓቱን የወረሰው «ዘ ቶክ» የተባለ የውይይት ዝግጅት ነበር። እርሱም በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። በየካቲት 2025 ሲቢኤስ በዚያው ሰዓት «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተሰኘ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ላይ ያተኮረ አዲስ የቀን ድራማ ጀመረ፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ስቱዲዮ ነው። የሳሙና አምራቹ ያንኑ ወንዝ በዚያው መሻገሪያ እንደገና ገብቶበታል።