የአዲስ የባሕር ውሃ አኳሪየም «ሳይክል» ምንድን ነው?

ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) እና የባሕር ዓሣ ለመያዝ የመጀመሪያውን አኳሪየም የሚያዘጋጅ ሰው ገንዳውን ሞልቶ፣ ጨዉን አሟሙቶ፣ ማሞቂያውንና ፓምፑን ካስነሳ በኋላ በማግስቱ ኩልል ያለ ውሃ ሲያይ ዓሣ ለመግዛት ይቸኩላል። ያ ውሃ ግን ለዓይን እንጂ ለዓሣ ገና አልደረሰም። ገንዳው ዓሣ ለመቀበል እስኪበቃ ድረስ የሚያልፉት ሳምንታትና በእነርሱ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ «ሳይክል» ይባላል፤ ሙሉ ስሙም የናይትሮጅን ዑደት ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ እዳሪውና ሳይበላ የቀረው ምግብም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። ይህ አሞኒያ በባሕር ውስጥ ወዲያው ይበተናል፤ በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው እየተጠራቀመ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) 8.2 አካባቢ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ የሚገኝ ሲሆን፣ ፒኤች ከፍ ባለ መጠን መርዛማው መልክ ይበዛልና።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ በዙሪክ ሲሠራ እንዳሳየው፣ ሥራው በሁለት ወገን ተከፍሎ ይከናወናል፤ አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እርሱም ገና መርዝ ነው፣ ሌላው ናይትራይትን እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለውጣል። ሁለተኛው ወገን የሚመገበው የመጀመሪያው የሚያመርተውን ስለሆነ ቀድሞ ሊበዛ አይችልም። ሁለቱም ኦክሲጅን የሚሹ፣ በድንጋይና በአሸዋ ገጽ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩና በዝግታ የሚባዙ ናቸው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲባዙ እነዚህ ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ሳይክሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

እንጀራ የሚጋግር ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሊጥ ያለ እርሾም ውሎ አድሮ ይቦካል፤ ካለፈው ቡሆ የተረፈ እርሾ ሲጨመርበት ግን በጊዜው ይደርሳል። በአኳሪየም ውስጥ የእርሾውን ቦታ የሚይዘው «ሕያው ድንጋይ» ነው። ይህ ከጥንት ኮራል አጽም የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበትና በውስጥም በውጭም ባክቴሪያ የሰፈረበት ድንጋይ ሲሆን፣ ኦክሲጅን እምብዛም በማይደርስበት እምብርቱ ውስጥ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ይኖሩበታል። ይሁንና ድንጋዩ ከውሃ ወጥቶ ረጅም መንገድ ከተጓዘ ብዙው ነፍስ ይሞትበትና እርሱ ራሱ አሞኒያ ያመነጫል፤ ስለዚህ ሕያው ድንጋይ አስገብቻለሁ ብሎ የውሃውን አሞኒያ መመርመር መተው አይገባም።

ውሃውም ለባክቴሪያዎቹም ሆነ በኋላ ለሚገቡት ኮራሎች የሚስማማ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ለኮራል ገዳይ የሆነ መዳብ ስለሚይዝ፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለፈ ውሃ ይመረጣል። ጨዉ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ሆኖ በሊትር 35 ግራም ገደማ፣ ማለትም ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ ያህል ይሟሟል፤ ሙቀቱ በ25 እና በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይሁን። የምግብ ጨው አይተካውም። የአፋር ጨው እንኳ፣ መነሻው የቀይ ባሕር ውሃ ቢሆንም፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ በመሆኑ ኮራል አጽሙን የሚሠራበትን ካልሲየምና ማግኒዥየም በበቂ መጠን አይሰጥም።

ሳይክሉን ለማስጀመር የአሞኒያ ምንጭ ያስፈልጋል። ቀድሞ ጠንካራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦችን አስገብቶ በእነርሱ እዳሪ ማስጀመር የተለመደ ነበር፤ ሕይወት ያለውን ፍጡር ለሳምንታት በመርዝ ውስጥ ማቆየት ስለሆነ ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል እላለሁ። የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ በመጨመር አሞኒያውን በሊትር 2 ሚሊግራም ማድረስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ከገንዳው ጥቂት ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ይቀዳል፤ የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ተጨምሮበት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ውሃው ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ አሞኒያ አለ፤ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ከቀረ የለም። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ይወጣል፤ እርሱም በተራው ሲወርድ ናይትሬት ይታያል። በዚህ መካከል አሸዋውና መስታወቱ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ቢለብሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በአዲስ ገንዳ ላይ የሚወጣ ዳያተም የተባለ አልጌ ነው።

ዳግመኛ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ሳይክሉ አልቋል። የተጠራቀመው ናይትሬት ከፊሉን ውሃ በመቀየር ይቀነሳል። የባክቴሪያዎቹ ብዛት የሚወሰነው በሚያገኙት ምግብ ልክ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚገባው ዓሣ አንድ ወይም እንደ ክሎውንፊሽ ያለ አንድ ጥንድ ብቻ ይሁን፤ በሚቀጥሉት ቀናት አሞኒያው እየተመረመረ ለሁለት ሳምንት ያህል ዜሮ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሌላ ዓሣ ይጨመራል።