አሮጌ ስልክና ክፍት ሶፍትዌር፦ ድሬ ላይ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ፣ የተንቀራፈፈ ስልክ ይዞ የሄደ ሰው ቶሎ የሚሰማው «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ» የሚል ምክር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስልኩ አላለቀለትም። ሰው በማያስፈልግ ነገር ብሩን ሲያወጣ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ አሮጌ ስልክን በክፍት ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችል) ስለማደስ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ያለ ጉግል አንድሮይድ አይሠራም።» ይሠራል። የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዝጉ ከላይ የሚጫነው ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ነው። ብዙ አፖች መልእክት መምጣቱን ለማሳወቅና ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅ እሱን ይጠራሉ። ማይክሮጂ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር አፑ ሲጣራ በጉግል ፈንታ «አቤት» ይላል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ራሙ አነስተኛ ለሆነ ስልክ ትልቅ እፎይታ ነው። ከጉግል ጨርሶ ይገላግላል የሚሉት ግን ያጋንናሉ፤ የማሳወቂያው መልእክት አሁንም የሚያልፈው በጉግል ሰርቨር ነው።

«አንዱ ሶፍትዌር ለሁሉም ስልክ ይሆናል።» ስልክ የሚያበላሸው ይሄ እምነት ነው። ሊንየጅኦኤስ፣ ማለትም ስልኩ ይዞት በመጣው ሲስተም ፈንታ የሚጫነው ክፍት አንድሮይድ፣ የሚዘጋጀው ለየሞዴሉ ተለይቶ ነው። ጋላክሲ ኤስ5 ካላችሁ ባትሪውን አውጡና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ የኤስኤም-ጂ900ኤፍ ቺፕ ስናፕድራገን ነው፣ የኤስኤም-ጂ900ኤች ደግሞ ኤክሲኖስ። ከውጭ አይለዩም፤ ለአንዱ የተሠራው ግን ለሌላው አይሆንም። እጃችን ላይ የሚበዙት ቴክኖና አይቴል ደግሞ አብዛኞቹ ይፋዊ የሊንየጅ ቅጂ የላቸውም። ይህን ሳያጣራ ፍላሽ ላድርግልህ (ሲስተሙን ልቀይርልህ) የሚል ባለሙያ ስልካችሁን አትስጡት።

«ፍላሽ ካልተደረገ ምንም አይቻልም።» ሲስተሙን ሳትነኩ ኤፍ-ድሮይድ የሚባለውን የክፍት አፖች መደብር ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፤ አካውንት አይጠይቅም። ከዚያ ኦስምአንድ የሚባለውን የካርታ አፕ አውርዱ። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ በዋይፋይ ካወረዳችሁ፣ ዳታ ሳትከፍቱ ከድሬ ሐረር ያለውን መንገድ ያሳያችኋል። ለብዙ ሰው ይሄ ብቻ ይበቃዋል።

«ፍላሽ ሲደረግ ፎቶዬ አይነካም።» ይጠፋል። ቡትሎደር (ሌላ ሲስተም እንዳይጫን የሚከለክለው መቆለፊያ) ሲከፈትም ሆነ አዲሱ ሲስተም ሲጫን ስልኩ ባዶ ይሆናል፤ አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ።

«አዲስ አንድሮይድ ከገባ ስልኩ አዲስ ነው።» የቺፑ አምራች ሳይጠግን የተወው የደኅንነት ክፍተት አይደፈንም። በእኛ ሙቀት ያበጠ ባትሪንም ሶፍትዌር አያድነውም፤ ወዲያው ይቀየር።

«ቴሌግራምም ባንክም ይቀራል።» ቴሌግራም ያለ ጉግልም ይሠራል። የባንክ አፕ ላይ ግን ስጋቱ እውነት ነው፤ አንዳንዶቹ ስልኩ በጉግል የጸደቀ መሆኑን ፈትሸው ካልሆነ አይከፈቱም። ደመወዛችሁን የምታንቀሳቅሱበት ብቸኛ ስልክ ከሆነ ፍላሽ ባታደርጉት እመክራለሁ። ቴሌብር ለሚበቃው ደግሞ *127# አለ፤ አፕም ኢንተርኔትም አይፈልግም።