የዜጎች ሳይንስ ጨዋታ ምንድን ነው? ተጫዋቹስ ለምን ይቆያል?

የዜጎች ሳይንስ ጨዋታ ማለት ማንም ሰው እየተጫወተ ለተመራማሪዎች እውነተኛ ሥራ የሚሠራበት ጨዋታ ነው። ክፍያ የለውም። ዲግሪ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

በጣም የታወቀው ፎልዲት ነው። የአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. አወጣው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በትክክል ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ነው። ተጫዋቹ ሰንሰለቱን ስክሪን ላይ በማውስ ይጎትታል፣ ያጥፋል፣ ያዞራል። ቅርጹ ይበልጥ በተረጋጋ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል።

የሐሳቡ አመጣጥ ደስ ይላል። ከዚያ በፊት በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን ለፕሮቲን ስሌት ያውሱ ነበር። ስሌቱ ሲካሄድ ስክሪናቸው ላይ ያዩታል። አንዳንዶቹ ታዲያ «ይሄንማ እኛ በእጃችን የተሻለ እናጥፈው ነበር» አሉ። ተመራማሪዎቹም ሰሟቸው።

በ2011 ደግሞ ዝንጀሮዎች ላይ ኤድስን የሚመስል በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ላይ የሚገኝ የአንድ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ቅርጽ ለተጫዋቾች ቀረበ። ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተውበት አልተሳካም። ተጫዋቾቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥሩ መነሻ ሰጧቸው። የቡድኖቻቸው ስምም ከጥናቱ ጸሐፊዎች ጋር ተጻፈ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው ይመዘገባል። ከባዱ ማቆየቱ ነው። አብዛኛው ትንሽ ሞክሮ ይሄዳል፤ የሥራው ትልቁ ክፍል ጥቂት ጽኑ ሰዎች ላይ ያርፋል። ነጥብና ደረጃ ሰው ያስገባሉ፣ ፉክክርም ያሞቀዋል። ቡድን ደግሞ ያስራል። ፎልዲት ላይ ተጫዋቾች የደረሱበትን ዘዴ በትንሽ ፕሮግራም ጽፈው ለሌላው ያካፍላሉ፤ ሌላው ደግሞ ያሻሽለዋል።

በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሰው የለፋበት ነገር የት እንደደረሰ ማወቁ ነው። ጊዜውን በነጻ የሰጠ ሰው መልስ ሊነፈገው አይገባም። ተመራማሪው መረጃውን ወስዶ ድምፁን ካጠፋ ተጫዋቹ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ኢተርና የተባለው ጨዋታ ይህን በደንብ ገብቶታል። እዚያ የሚነደፈው አርኤንኤ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን የሚያደርስ፣ እንደ ፕሮቲን የሚታጠፍ ሞለኪውል። የተመረጡ ንድፎች ላቦራቶሪ ውስጥ በእውን ይሠራሉ፤ ውጤቱም ለተጫዋቾቹ ይመለሳል። ያልተሳካውም ጭምር። የቱ ጋ እንደተበላሸ አይተው እንደገና ይነድፋሉ። በ2016 የትኛው ንድፍ ለምን እንደሚከብድ የሚያስረዳ ጥናት ሲታተም ከዋና ጸሐፊዎቹ መካከል ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ።