ብግነት የቫይታሚን ኤ እጥረት ልኬትን እንዴት ያዛባል? በሕፃናትና በታዳጊዎች

ዳፍንት ወይም የቢቶት ነጥብ (በዐይን ነጭ ላይ የሚወጣ አረፋ መሳይ ነጠብጣብ) ሲታይ የቫይታሚን ኤ እጥረቱ ስር ሰድዷል። ስለዚህ የዳሰሳ ጥናቶች ቀድመው ደም ይመረምራሉ። በሴረም (የረጋ ደም ሲለይ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ሬቲኖል፣ ማለትም በደም የሚዘዋወረው ቫይታሚን ኤ፣ በሊትር ከ0.70 ማይክሮሞል ካነሰ እጥረት ይባላል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 71 ወር ከሆኑ ሕፃናት 20 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ከዚህ በታች ከተገኙ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከባድ የሕዝብ ጤና ችግር ነው።

ችግሩ ይህ ቁጥር በሕመም ጊዜ መውረዱ ነው። ሬቲኖል ከጉበት የሚወጣው ሬቲኖል ተሸካሚ በተባለ ፕሮቲን ታዝሎ ነው። ሰውነት በወባ፣ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ሲቆጣ፣ ማለትም ብግነት ሲኖር፣ ጉበት ይህን ፕሮቲን ማምረት ይቀንሳል፤ ክምችቱ ሳይጎድል ደሙ የጎደለው ይመስላል። በወባ ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የተሰበሰበ ናሙና በበጋ ከተሰበሰበው ጋር እንዳለ ቢነጻጸር ልዩነቱ የምግብ ይሁን የበሽታ አይለይም።

ብግነትን ለማየት ሁለት ፕሮቲኖች አብረው ይለካሉ። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን (ሲአርፒ) በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ሕመሙ ሲለቅም ቶሎ ይወርዳል። አልፋ-1 አሲድ ግላይኮፕሮቲን (ኤጂፒ) ግን ቀናት ወስዶ ከፍ ይልና ልጁ ድኖ መጫወት ከጀመረ በኋላም ይቆያል። የተለመዱት ወሰኖች ሲአርፒ ከ5 ሚሊግራም በሊትር፣ ኤጂፒ ከ1 ግራም በሊትር በላይ ናቸው። ሲአርፒን ብቻ የለካ ጥናት በማገገም ላይ ያሉትን ልጆች ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ብግነት ያለባቸውን ከስሌቱ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ግን ደጋግመው የሚታመሙት ብዙውን ጊዜ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ የሚቀረው ናሙና አድሏዊ ይሆናል። የሚሻለው ብሪንዳ በተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር የተዘጋጀው የሪግሬሽን ማስተካከያ ነው፤ ሪግሬሽን አንዱ መጠን ሲለወጥ ሌላው ምን ያህል እንደሚለወጥ ከመረጃው የሚገምት ስሌት ነው። የሬቲኖልና የሁለቱ ፕሮቲኖች የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይወሰድና፣ ፕሮቲኖቹ ከማጣቀሻቸው በላይ በጨመሩ መጠን የቀነሰው ሬቲኖል ይመለሳል። ማጣቀሻው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን አንድ አሥረኛ ልጆች ከሌሎቹ የሚለየው ወሰን ነው። ለማሳያ በሲአርፒ ብቻ እንየው፦ ልጁ ሬቲኖሉ 0.62፣ ሲአርፒው 20፣ ማጣቀሻው 0.2፣ ቁልቁለቱም (የሲአርፒ ሎጋሪዝም በአንድ ሲጨምር የሬቲኖል ሎጋሪዝም የሚለወጥበት መጠን) -0.05 ቢሆን፣ 20 ለ0.2 ሲካፈል 100፣ የ100 ሎጋሪዝም ደግሞ 4.6 ስለሆነ በ0.05 ሲባዛ 0.23 ይሆናል። ይህም ሬቲኖሉን በ1.26 ገደማ ያባዛዋል፤ 0.78 ይሆናል፣ ልጁም ከእጥረት መስመሩ በላይ ይወጣል። ቁልቁለቱን ከሌላ አገር ጥናት መዋስ፣ ከማጣቀሻው በታች ያሉትንም ማስተካከል፣ የሲአርፒ ዜሮ ውጤትን እንዳለ ወደ ሎጋሪዝም ማስገባት የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። የተስተካከለውም ያልተስተካከለውም ውጤት ጎን ለጎን ይቅረብ።

ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች ላይ የሕፃናትን ቀመር እንደወረደ መጫን አይገባም። በመውለጃ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ዘንድ በብግነትና በሬቲኖል መካከል ያለው ግንኙነት ደካማና ከቦታ ቦታ የሚለያይ ስለሆነ፣ ታዳጊዎች ላይ ዝምድናው መኖሩ በዚያው መረጃ ይፈተሽ። ሬቲኖል በዕድሜ ስለሚጨምርም ታናናሾችንና ታላላቆችን ለይቶ መተንተን ይጠቅማል። ውፍረትም ተሸካሚውን ፕሮቲን ስለሚነካ፣ በሬቲኖል ፈንታ እሱን የሚለኩ ከናሙናው ከፊሉን በሬቲኖል ጭምር ማመሳከር አለባቸው።

ብግነት ያላመጣው ስሕተትም አለ። ሬቲኖል በብርሃን ይበላሻል፤ ቱቦው በፎይል ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዝ፣ ሴረሙም ቶሎ ተለይቶ ይቀዝቅዝ። ለፀሐይ ተጋልጦ የወረደን ውጤት ምንም ቀመር አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ለሕዝብ ግምት እንጂ ለአንድ ልጅ ምርመራ አይደለም። በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ ሬቲኖል በሽንት ስለሚወጣ ከፊሉ ቅነሳ እውነተኛ ነው። ስለዚህ በኩፍኝ የታመመ ልጅ «ውጤቱ በብግነት ወርዶ ነው» ተብሎ ቫይታሚን ኤ አይከለከልም፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለው 100,000፣ 12 ወርና ከዚያ በላይ ለሆነው 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት በተከታታይ ሁለት ቀን ይሰጠዋል።