በአውቶ ባትለር ጨዋታ «የጋራ ቋት» ምንድን ነው?

የጋራ ቋት ማለት በአንድ ጨዋታ የገቡት 8 ተጫዋቾች በሙሉ ተዋጊዎቻቸውን የሚገዙበት፣ ብዛቱ አስቀድሞ የተወሰነ አንድ ክምችት ነው። በእያንዳንዱ ተጫዋች ስልክ ላይ የሚታየው ሱቅ የግሉ ይመስላል እንጂ ዕቃው የሚቀዳው ከአንድ መጋዘን ነው፤ አንዱ የገዛው ተዋጊ፣ ገዢው መልሶ እስኪሸጠው ወይም ተሸንፎ እስኪወጣ ድረስ፣ ለሌላው አይደርስም። ጣና ላይ መረብ የሚዘረጋ ዓሣ አጥማጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጎረቤቱ ያወጣውን ቀረሶ እሱ አያገኘውም።

አውቶ ባትለር ተጫዋቹ ተዋጊዎችን ገዝቶ በሰሌዳ ላይ የሚያሰልፍበት፣ ውጊያውን ግን ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ሊመራው የማይችልበት የጨዋታ ዓይነት ነው። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ ድሮዶ ስቱዲዮ ዶታ 2 በተባለው ጨዋታ ውስጥ ባዘጋጀው አውቶ ቼስ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት የራዮት ጌምስ ቲምፋይት ታክቲክስ ተከተለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የቲምፋይት ታክቲክስ ናቸው።

ቋቱ ክብደት የሚያገኘው በቅጂ ስሌት ምክንያት ነው። የአንድ ተዋጊ 3 ቅጂ ሲሰበሰብ ተዋጊው ጠንክሮ ባለ 2 ኮከብ ይሆናል፤ ባለ 3 ኮከብ ለማድረግ 9 ቅጂ ያስፈልጋል። ዋጋቸው 3 ወርቅ የሆኑ ተዋጊዎች ለብዙ ወቅቶች እያንዳንዳቸው 18 ቅጂ ነበራቸው፤ ይህም ለሁለት ሰው ልክ የሚበቃ፣ ለሦስተኛው ምንም የማያስተርፍ ቁጥር ነው።

አንድ ሰሞን በአንድ ባለ 3 ወርቅ ተዋጊ ላይ የተመሠረተ አዲስ አሰላለፍ እሞክር ነበር። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ካፌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን በመጀመሪያው ምሽት አንደኛ ወጣሁ። በማግሥቱ እዚያው ወንበር ላይ፣ ያንኑ አሰላለፍ ይዤ፣ 6 ቅጂ ከሰበሰብኩ በኋላ ሱቁ ደረቀብኝ። 44 ወርቅ ነበረኝ፤ ሱቁን አንድ ጊዜ ማደስ 2 ወርቅ ስለሚፈጅ 22 ጊዜ አደስኩና ባዶ እጄን ቀረሁ፤ ለእያንዳንዱ 10 ወርቅ 1 ወርቅ እየታሰበ የሚከፈለኝ የ4 ወርቅ ወለድም አብሮ ሄደ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ ከወጣሁ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ስልክ አንገቴን ሳሰግግ ያንኑ ተዋጊ 7 ቅጂ ይዞ አገኘሁት።

«ለካ አንተ ነህ!» አልኩት።

«ትናንት ስታሸንፍበት አይቼ እኮ ነው የያዝኩት» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ሦስተኛው ጓደኛችንም 2 ቅጂ በተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ስለዚህ በቋቱ የቀረው 3 ብቻ ሲሆን፣ እኔ የምፈልገውም እነዚያኑ ሦስቱን አንድ ሳይቀር ነበር። በዚያ ምሽት «ይህ አሰላለፍ አይሠራም» ብዬ ብተወው ኖሮ ፍርዴ የተሳሳተ በሆነ ነበር፤ የከሸፈው አሰላለፉ ሳይሆን ለሦስት መከፈሉ ነው።

ሱቁ ተዋጊ የሚያወጣበት መንገድም መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ እንደ ተጫዋቹ ደረጃ በተቀመጠ ዕድል የተዋጊው ዋጋ ይመረጣል፤ ቀጥሎ በዚያ ዋጋ ካሉት ተዋጊዎች መካከል በቋቱ በቀሩት ቅጂዎች ብዛት መጠን ዕጣ ይወጣል። ከዚህ የሚከተለው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው፦ ሌሎች ተጫዋቾች ዋጋቸው ከእናንተ ተዋጊ ጋር እኩል የሆኑ ሌሎች ተዋጊዎችን በብዛት ሲገዙ የእናንተው የመውጣት ዕድል ከፍ ይላል። ባለ 1 ወርቅ ተዋጊ በብዛት መገዛቱ ግን ባለ 3 ወርቅ ለሚፈልግ ሰው አይጠቅመውም፤ አይጎዳውምም።

ስለዚህ አዲስ አሰላለፍ የሚሞክር ሰው ውጤቱን ሲመዘግብ ስንተኛ እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ዋና ተዋጊውን ሌላ ስንት ሰው እንደያዘ አብሮ ቢጽፍ ይሻላል። ሰሌዳዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በዙሮች መካከል የሰባቱን ተቀናቃኞች ሰሌዳና ተጠባባቂ ወንበር ማየት ጥቂት ሰከንድ ቢወስድ ነው፤ ተጫዋቾች ይህን «ስካውት ማድረግ» ይሉታል። እኔ በግሌ ወርቄን ማፍሰስ ከመጀመሬ በፊት ሳላይ የማልፈው ይህን ነው፤ ካፈሰሱ በኋላ ማየት ለቁጭት ካልሆነ አይረባም። ባለ 2 ኮከብ ተዋጊዎችን አብዝቶ የሚይዝ፣ 9 ቅጂ የማይጠይቅ አሰላለፍ ሽሚያውን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ በእርግጥ እሱም ቢሆን ዋጋቸው 5 ወርቅ የሆኑትን ሲፈልግ ችግሩ ይመለሳል፣ የእነዚያ ቅጂ ከሁሉም ያነሰ ነውና።

በሦስተኛው ምሽት ያ ጓደኛዬ አሁንም ተዋጊውን ሲሰበስብ ስላየሁ የያዝኳቸውን 2 ቅጂ ሸጬ ወደ ሌላ አሰላለፍ ዞርኩ። እኔ አራተኛ ወጣሁ፤ እሱ ባለ 3 ኮከቡን ሠርቶ አንደኛ ሆነ። ሁለቱን ቅጂ የለቀቅኩለት እኔ ነኝ ብዬ ማኪያቶውን አስከፈልኩት።