«ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ምን ያስለቅስሻል?»፦ ስለ መከራና ደስታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይህን አነጋገር ያልሰማ ሰው ብርቅ ነው። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማጽናናቱ ነው። ነገር ግን በመከራ ውስጥ ስላለ ደስታ ስናወራ መጽሐፍ ቅዱስን ያላለውን ብዙ ነገር አስብለነዋል።

«ያመነ ሰው አያለቅስም»

እውነታው፦ ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል (ዮሐንስ 11)። ለቅሶ ቤት የሚዘወተረው 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13ም «አትዘኑ» ብሎ አይቆምም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው» ሰዎች እንዳናዝን ነው የሚለው። ጥቅሱ ግማሹ ተቆርጦ ሲነገራት ሐዘንተኛዋ በሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት ተጨምሮባት ታድራለች።

ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ይህ አይጠፋቸውም። መዝሙር 88 (በግእዙ 87) ዳር እስከ ዳር እሮሮ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ዞሮ በምስጋና አይዘጋም፤ ወዳጅ ዘመዴን አራቅህብኝ እንዳለ ያበቃል። እሱም ጸሎት ነው። እዚያው ዳዊት ላይ ከመዝሙሩ ቀጥሎ ከጸሎተ ነቢያት ጋር የዕንባቆም ጸሎት አለ። በለስ ባታፈራ፣ ወይኑ ባይሰጥ፣ በረቱ ባዶ ቢቀር በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለውን ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ግን ነቢዩ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ድንጋጤው ካለፈለት በኋላ አይደለም የዘመረው።

«ደስታ ካለሽ ዝም ብለሽ ቻይው»

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚነገረው ባሏ ለሚደበድባት ሚስት፣ ወይም ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች ደመወዟን ለተከለከለች ልጅ ነውና። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት መዘመራቸውን ያልሰበከ የለም። የጠዋቱንስ ማን ይሰብካል? ሲነጋ ገዢዎቹ «ፍቷቸው» ብለው ቢልኩ ጳውሎስ አልወጣም አለ። እኛ የሮም ዜጎች ነን፤ ሳይፈረድብን በአደባባይ ገርፈውን አሁን በስውር ሊያስወጡን? ራሳቸው መጥተው ያውጡን! (ሐዋርያት ሥራ 16)። ሰዎቹም ፈርተው መጡ፣ ለመኗቸውም። በዝማሬውና በአቤቱታው መካከል ያለው አንድ ሌሊት እንኳ አይሞላም።

«መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው»

ኤልያስ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። የተጋገረ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው (1ኛ ነገሥት 19)። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ቢሄድ ምኑን ካደ? ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም ሕሙማን ጸበሉንና የኤችአይቪ መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር።

«መከራ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ነው»

ይህን ኢየሱስ ራሱ ዮሐንስ 9 ላይ ዘግቶታል፤ የኢዮብ ወዳጆችም የተወቀሱበት ነው።

««ሁሉን እችላለሁ» የሚል አማኝ የሰው እጅ አያይም»

ፊልጵስዩስ 4፥13 ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ ስናየው የአሸናፊ ፉከራ ይመስለናል። ጳውሎስ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ከበላዩ ያለው ቁጥር ስለ መጥገብና መራብ፣ ስለ ማግኘትና ማጣት ያወራል፤ ከበታቹ ያለው ደግሞ ምስጋና ነው፦ በመከራዬ ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ፣ በኤጳፍሮዲቱስ እጅ የላካችሁት ደርሶኛል። በዚያ ዘመን እስረኛ በአብዛኛው የሚኖረው ወዳጅ በሚያመላልስለት ስንቅ ነበር፤ እስር ቤት በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህ አይጠፋውም።

ስንቁን ያደረሰው ኤጳፍሮዲቱስ እዚያው ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። በዚሁ «ደስ ይበላችሁ» በሚመላለስበት ደብዳቤ ላይ ጳውሎስ፣ እግዚአብሔር ባይምረው ኖሮ በኀዘን ላይ ኀዘን ይጨመርብኝ ነበር ይላል (2፥27)። አሁን ወደ እናንተ የምመልሰውም እናንተ አይታችሁት ደስ እንዲላችሁ፣ የእኔም ኀዘን እንዲቀልልኝ ነው ሲል ይቀጥላል።